ጠሪው በሞተ ጊዜ፤ ስለ ዘመድ መጥሪያ ማመልከቻ ታሪክ

ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው፣ የየካን ተራራ በስተ ግራው አድርጎ ጥቂት እንደ ተጓዘ፣ ጉርድ ሾላ ከሚባለው ሰፈር ይደርሳል። ሾላ ጥላው ሰፊ፣ ፍሬው ለወፍም ለእረኛም የሚተርፍ ዛፍ ነው፤ ጉርድ ማለትም ከወገቡ የተቈረጠ ማለት ነው። ዛሬ ዛፉን የሚፈልግ ሰው የሚያየው ፎቅና ሰፊ ጎዳና፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውንም የከተማ ባቡር ሐዲድ ነው። ለቅኔ ሰው ግን ስሙ ብቻ ይበቃዋል። ሰሙ ግንዱ የተቈረጠ ሾላ ነው፤ ወርቁም ታላቁን በሞት ያጣ ቤተ ሰብ ነው። ጻድቁ ኢዮብም በመከራው ጊዜ ሰውን ከተቈረጠ ዛፍ ጋራ አስተያይቶ፣ ዛፉ ዳግመኛ የማቈጥቈጥ ተስፋ እንዳለው ተናግሮ ነበረ። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ግንዱ በአሜሪካ አገር፣ ቅርንጫፉ በአዲስ አበባ ስለ ሆነ ቤተ ሰብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወንድም ወደ አሜሪካ ይሄዳል፤ ብዙ ዓመትም ይኖራል፤ የዚያን አገር ዜግነት ካገኘ በኋላ እኅቱን ከባልዋና ከልጆችዋ ጋራ ለማስመጣት ለመንግሥቱ ያመለክታል። ይህን ሕዝቡ በተለምዶ «ፕሮሰስ» ይለዋል። ማመልከቻው ከጸደቀ በኋላ ተራ መጠበቅ አለ፤ የወንድምና የእኅት ተራ ደግሞ ከ15 ዓመት የሚበልጥ ሆኗል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሞት ሥራውን አይተውምና አንድ ቀን ማለዳ መርዶ ይመጣል። በለቅሶው ሰሞን ስለ ማመልከቻው የሚያነሣ ሰው የለም፤ ቢያነሣም ያስነውረዋል። አርባው ወጥቶ ድንኳኑ ከተነሣ፣ የእድሩም ዕቃ ከተመለሰ በኋላ ግን፣ ከቤተ ዘመዱ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል። ጠሪው ሞቷልና የተጠሩት ምን ይሆናሉ?

በአገራችን ልማድ የዚህ ጥያቄ መልስ ቀላል ይመስላል። ባለ ርስት በሙግት መካከል ቢሞት ልጁ ሙግቱን ከአባቱ እጅ ተቀብሎ ይቀጥል ነበረ፤ ከአያት ተነሥቶ እስከ ልጅ ልጅ የደረሰ የርስት ክርክር በየአውራጃው ይታወቃል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ በሰፊው ይናገራል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 826፣ በሞት ምክንያት ከሚቋረጡት በቀር የሟቹ መብትና ግዴታ ወደ ወራሾቹ እንደሚተላለፍ ደንግጓል። በዚህ ሥርዐት ያደገች እኅት የወንድምዋን ማመልከቻ እንደ ርስት የሚወረስ ነገር አድርጋ ብታስበው አይፈረድባትም። የአሜሪካ ሕግ ግን ማመልከቻውን በሞት ምክንያት ከሚቋረጡት ወገን ቈጠረው። በዚያ ሕግ ዐይን መብቱ የጠሪው እንጂ የሚጠራው አይደለም፤ ዜጋው ዘመዱን ከአጠገቡ ለማኖር ይለምናል፤ ለማኙ ከሌለ ልመናው የለም። ሕግ ዐዋቂዎች ይህን አስተሳሰብ ትክክል ነው ሲሉ ይከራከሩለታል። ሆኖም ሟቹ በሕይወት ሳለ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ወረቀቱን አሟልቶ፣ ተራውን 12 ዓመት ከጠበቀ በኋላ ቢሞት፣ የዘገየው መንግሥቱ እንጂ እርሱ አልነበረም።

ከሞት በኋላ የሚደረግ አቤቱታ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። በዚሁ በየካ በኩል ዐፄ ምኒልክ ለእንግሊዝ መንግሥት የሰጡት ሰፊ የኤምባሲ ግቢ አለ፤ በዚያ አጠገብ የሚያልፍ የታሪክ ሰው ልዑል ዓለማየሁን ሳያስታውስ አይቀርም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ሕፃኑን ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋራ ይዞ ወደ ባሕር ወረደ። እቴጌይቱ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ፤ እርሳቸውም ከአንድ ወር በኋላ በመንገድ ላይ ዐረፉ። የሰባት ዓመቱ ልጅ አባትና እናት የሌለው ሆኖ በሻምበል ስፒዲ እጅ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም አዩት፣ ወደዱትም። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ግን በሕይወት ነበሩ፤ ከአገር ቤት ሆነው ለልጅ ልጃቸው ደብዳቤ ይጽፉ ነበረ። ልዑሉ በራግቢ፣ በኋላም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተማረ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ዐርፎ በዊንድሶር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ።

የሥጋ ዘመድ ባለቀበት ጊዜ አቤቱታውን አገር ወረሰው። በ1999 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የልዑሉ ዐፅም እንዲመለስ ጠየቁ፤ ከዚያም በኋላ ጥያቄው ተደጋገመ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የቤኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ፣ በአጠገቡ ያሉትን የሌሎች ሙታን ዐፅም ሳይነኩ የልዑሉን ማውጣት አይቻልም የሚል ነበረ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከልዑሉ ራስ የተቈረጠ ጥቂት ጠጕር፣ በስፒዲ ቤተ ዘመድ ዘንድ ሲጠበቅ ቈይቶ፣ በለንደን ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ። ዮሴፍ በግብፅ ሊሞት ሲል ዐፅሙን ከዚያ እንዲያወጡ ወንድሞቹን አምሎ ነበርና፣ ሙሴ ሲወጣ ይዞት ወጣ፤ የዓለማየሁ ዐፅም ግን በዊንድሶር ቀረ።

ወደ አሜሪካው ነገር እንመለስ። በ1916 ዓ.ም. የወጣው የዚያ አገር የስደተኞች ሕግ ለየሕዝቡ ቍጥር ወሰነ፤ ለኢትዮጵያም የደረሰው በዓመት 100 ሰው ነበረ። ይህ ከሁሉ የሚያንሰው ድርሻ ሲሆን ለብዙ ሌሎች አገሮችም የተሰጠው ያው ነበረ። በዚያን ዘመን ወደ አሜሪካ የሚሻገር ኢትዮጵያዊ እጅግ ጥቂት ነበረ፤ እርሱም ለትምህርት እንጂ ለመኖር አይሄድም ነበረ። ዶክቶር መላኩ በያን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው፣ በጠላት ወረራ ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ በዚያ አገር ሲሟገቱ ቈይተው፣ በ1932 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማረፋቸው ይታወቃል። የዘመድ መጥሪያ ተራ ግን በዚያ ዘመን የማንም ቤት ጭንቀት አልነበረም።

መስከረም 23 ቀን 1958 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙት ሕግ የየሕዝቡን ቍጥር ሽሮ የቤተ ሰብን ዝምድና መሠረት አደረገ። በእርሱና በኋላ በተሻሻለው ደንብ፣ የዜጋ ሚስት ወይም ባል፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችና አባት እናት ያለ ተራ ይገባሉ። ዕድሜያቸው 21 የሞላ ልጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች ግን በቍጥር ይገባሉ፤ ለመላው ዓለም ወንድምና እኅት በዓመት የተመደበው 65,000 ነው፤ ከዚህም ቍጥር ውስጥ ሚስታቸውና ልጆቻቸው ይቈጠራሉ። የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው፣ ገና ዜግነት ያላገኘ ሰው፣ ሚስቱንና ያላገቡ ልጆቹን መጥራት ይችላል፤ እናቱንና ወንድሙን ግን አይችልም። አክስትና አጎት፣ አያትና የወንድም ልጅ በዚህ ሕግ ስማቸው አይጠራም። በኢትዮጵያ የወንድም ልጅ ልጅ ነው፤ አክስትም እናት ናት፤ የዚያ አገር ሕግ አውጪ ግን ቤተ ሰብ የሚለውን ቃል የተረጐመው በራሱ አገር ልማድ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሱዳን በረሓ አልፈው ተሰደዱ፤ መጋቢት 8 ቀን 1972 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግም ከእነርሱ ብዙዎችን ተቀበለ። በኅዳር 1983 ዓ.ም. የተፈረመው ሌላ ሕግ ደግሞ ዲቪ የሚባለውን ዕጣ አመጣ። በእነዚህ ሁለት በሮች የገቡት ዓመታት ቈጥረው ዜጎች ሲሆኑ ተራቸውን ወንድሞቻቸውንና እኅቶቻቸውን ጠሩ። በአዲስ አበባ ዛሬ የሚጠበቀው ተራ የዚያ ትውልድ ማመልከቻ ነው፤ ያ ትውልድም አርጅቷል። ስለዚህ የጠሪው ሞት በአንድ ቤት ብቻ የሚደርስ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቶ ብዙ ቤት የሚያንኳኳ ሆነ።

የቀድሞው ደንብ አጭር ነበረ። አመልካቹ ውሳኔ ሳይሰጥ ከሞተ ማመልከቻው ይዘጋል፤ ከጸደቀ በኋላ ከሞተ ደግሞ ጽድቁ፣ የሻረው ባለሥልጣን ሳይኖር፣ በሞቱ ብቻ ይሻራል። ከዚህ የሚያወጣ አንዲት ጠባብ በር ነበረች፤ ይኸውም ባለሥልጣኑ ስለ ርኅራኄ የጸደቀውን ማመልከቻ እንዲያድሰው የሚፈቅድ ደንብ ነው። በመስከረም 1989 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ይህችን በር ሳያስበው ዘጋት ለማለት ይቻላል። ሕጉ፣ የሚገባው ሰው የመንግሥት ሸክም እንዳይሆን፣ ጠሪው ራሱ በፊርማው ዋስ ይሁን ብሎ አዘዘ። ሙት ግን አይፈርምም። ስለዚህ ባለሥልጣኑ ቢራራም እንኳ ዋስ ከመጥፋቱ የተነሣ ርኅራኄው ፍሬ ሳያፈራ ቀረ፤ ይህም ዓመታት ቈየ። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. በወጣ ሌላ ሕግ ተተኪ ዋስ ተፈቀደ።

ተተኪ ዋስ የሚሆነው የዚያ አገር ዜጋ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ በዚያው የሚኖር፣ ዕድሜው 18 የሞላ፣ ገቢውም መንግሥቱ ከወሰነው የድህነት ልክ ከመቶ 25 እጅ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ዝምድናውም ተቈጥሯል፤ ባልና ሚስት፣ አባትና እናት፣ አማትና ምራት፣ አማች፣ ወንድምና እኅት፣ ልጅ፣ አያትና የልጅ ልጅ፣ ዋርሳም ሳይቀር፣ ሞግዚትም ጭምር ናቸው። አጎትና አክስት እዚህም የሉም። መጽሐፈ ሩትን የሚያውቅ ካህን ይህን ሲሰማ የቤተ ልሔምን የከተማ በር ያስታውሳል። ኑኃሚን ባልዋንና ሁለት ልጆችዋን በሞዓብ ምድር ቀብራ ስትመለስ፣ ሞዓባዊቱ ምራትዋ ሩት ባል የሌላት መጻተኛ ሆና ተከተለቻት። በሽማግሌዎች ፊት አስቀድሞ የተጠየቀው ይበልጥ የሚቀርበው ዘመድ ነበረ፤ እርሱ እምቢ ባለ ጊዜ ቦዔዝ በሟቹ ፈንታ ቆመ። በአሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖች መካከልም እንዲሁ አስቀድሞ የሚጠየቀው ቅርብ ዘመድ ዋስትናውን ፈርቶ ሲሸሽ፣ የሟቹ ሚስት ወንድም መጥቶ ሊፈርም ይነሣል፤ ሕጉ ግን የሚጠይቀው ለሚጠራው ሰው ያለውን ዝምድና ነውና የሟቹ ሚስት ወንድም ለሟቹ እኅት እንግዳ ሰው ነው።

የመበለቲቱ ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። በኅዳር 1983 ዓ.ም. በተፈረመው ሕግ የአሜሪካ ዜጋ መበለት ባልዋ ከሞተ በኋላ ራስዋ ለራስዋ እንድታመለክት ተፈቀደላት፤ ነገር ግን ጋብቻው ባሏ በሞተ ጊዜ ሁለት ዓመት የሞላው መሆን ነበረበት። በሃያኛው ወር ባልዋ በመኪና አደጋ ወይም በልብ ድካም የሞተባት ሴት፣ ማመልከቻው በመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ተኝቶ ሳለ፣ ከባልዋ ጋራ መብትዋንም ቀበረች። አንዳንዶቹም ከአገር እንዲወጡ ታዘዙ። ከደቡብ አፍሪካ የመጣች አንዲት መበለት ተከራክራ በ1998 ዓ.ም. በምዕራቡ ክፍል የሚያስችለው የይግባኝ ፍርድ ቤት ፈረደላት፤ ፍርዱ ግን በሌላው ክፍል ያሉትን አላዳነም። ጥቅምት 18 ቀን 2002 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኦባማ በፈረሙት ሕግ የሁለቱ ዓመት ጋብቻ ግዴታ ተነሣ። የቀረው ሌላ ሁለት ዓመት ነው፤ መበለቲቱ ባልዋ ከሞተ በሁለት ዓመት ውስጥ ማመልከት አለባት። ባልዋ ራሱ አመልክቶላት ከነበረ ግን ያው ማመልከቻ የመበለት ማመልከቻ ሆኖ ይቈጠርላታል። ዳግመኛም ሌላ ባል ካገባች መብቱ ይቀራል።

እዚህ ላይ ቈም ብሎ ማየት የሚገባ ነገር አለ። ይህ የመበለት መብት በጉርድ ሾላ ለምትቀመጥም፣ በዋሽንግተን ለምትቀመጥም እኩል ነው፤ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችዋም ከእርስዋ ጋራ ይጠቃለላሉ። ነገር ግን የዜጋ መበለት ለሆነች ብቻ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ሳምንት መርዶ ቢደርሳቸው፣ የአንዲቱ ባል የዜግነት መሐላ ፈጽሞ የሞተ፣ የሁለተኛይቱ ባል ለመሐላው ቀጠሮ እየጠበቀ የሞተ ቢሆን፣ አንዲቱ ባለ መብት ናት፤ ሁለተኛይቱ በአዲስ አበባ የምትኖር ከሆነች ርኅራኄ ለማኝ ናት። ኀዘናቸው ግን አንድ ነው። ዜግነት ለመጠየቅ የበቃ ባል ነገ ዛሬ እያለ ሲያቈየው የሚያቈየው ነገር የራሱ ብቻ አይደለም።

የ2002 ዓ.ም. ሕግ ከመበለቶች ሌላ ለብዙ ዘመዶች ደረሰ። ጠሪው ቢሞትም፣ ወይም ከተጠሩት ዋናው ሰው ቢሞት፣ ማመልከቻው እንዳይወድቅ አደረገ። ዳሩ ግን በሞቱ ጊዜ በአሜሪካ ይኖር የነበረና እስከ ውሳኔው ድረስ በዚያው የሚኖር ሰው በማመልከቻው ውስጥ መገኘት አለበት። እንግዲህ ለትምህርት ሄዶ በዚያ የሚኖር ወንድም ይጠቀማል፤ ተራውን በአገሩ፣ በሕግ አክባሪነት፣ 14 ዓመት የጠበቀው አይጠቀምም። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ወሰን ያደረጉበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ፍሬው ሲታይ በትዕግሥት በቤቱ የተቀመጠውን ከሌላው ያሳነሰ ሆኗል። ይባስ ብሎ የተጠራችው እኅት ራስዋ በአዲስ አበባ ብትሞት፣ ከእርስዋ ጋራ ስማቸው ተጽፎ የነበረው ባልዋና ልጆችዋ ከእርስዋ ጋራ ይሰረዛሉ፤ ወንድሙ በሕይወት ቢኖርም ለእኅቱ ልጆች አዲስ ማመልከቻ የሚያደርግበት አንቀጽ የለም።

ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ልጆችም ነገር በዚሁ ላይ ይጨመራል። ቀድሞ አክስት ወይም አጎት በጉዲፈቻ ይወስዷቸው ነበረ፤ ልጁ በዚያ አገር ሕግ 16 ዓመት ሳይሞላው መሆን ነበረበት። በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተ ሰብን ሕግ አሻሽሎ ለውጭ አገር ሰዎች የሚሰጠውን ጉዲፈቻ አስቀረ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ሕፃናት እንደ ሸቀጥ የተሸጡበትና በባዕድ አገር የተጐዱበት ጊዜ ነበረና። ሆኖም የውጭ ዜግነት የያዘችው የገዛ አክስት ባዕድ ከሆኑት ጋራ በአንድ በር ተዘጋባት።

አሁን ካህናትን በቀጥታ ወደሚመለከተው ነገር እንግባ። በኢትዮጵያ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በ1952 ዓ.ም. በፍትሐ ብሔር ሕግ ተጽፎ ሳለ፣ በዚያው ሕግ መጨረሻ ላይ ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ እንዳይሠራበት ተብሎ ነበረ። አዋጅ ቍጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፣ በመላ አገሪቱ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባለው ከግማሽ ምዕት በሚበልጥ ዘመን ሰው መቼና ከማን እንደ ተወለደ የሚመሰክረው ብዙ ጊዜ የክርስትና ወረቀት፣ ማን ማንን እንዳገባም የተክሊልና የቁርባን ምስክር ነበረ። እንግዲህ በባዕድ አገር መሥሪያ ቤት የዝምድና ማስረጃ ሆኖ የሚገለጠው አንድ የደብር ጸሐፊ ያን ጊዜ በጥንቃቄ ወይም በግዴለሽነት የጻፈው መስመር ነው።

በዚያ መስመር ላይ ስንት ነገር ይሰናከላል! ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ትጠመቃለች፤ ጸሐፊው የጥምቀቱን ቀን በልደቱ ቦታ ከጻፈው ልጁ ሁለት የልደት ቀን ይኖረዋል። የዘመን አቈጣጠሩ ሳይለወጥ ከተገለበጠ በ1975 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ሰባት ዓመት ያረጃል፤ ከ21 ዓመት በታች መሆን ለሚገባው ልጅ ይህ ስሕተት ሕይወቱን ይወስናል። የዓለም ስሙ በአንዱ ወረቀት፣ ወለተ ማርያም ወይም ገብረ ሥላሴ የሚለው የክርስትና ስሙ በሌላው ሲገኝ ባዕዱ ሁለት ሰው ይመስሉታል። በአገራችን ሚስት የባልዋን ስም አትወስድም፤ እናትና ልጅ የሚጋሩት ስም የላቸውም፤ ከአንዲት እናት ከሁለት አባት የተወለዱ ወንድማማቾችም በስማቸው አይታወቁም። ሕያው ጠሪ ቢኖር ቀርቦ ያስረዳል፤ ደሙንም ለምርመራ ይሰጣል። ከሞተ በኋላ የሚናገርለት ወረቀት ብቻ ነው።

ከዚህ የከፋ ደግሞ አለ። መርዶን መደበቅ ጥንታዊ ልማዳችን ነው፤ ባለ ኀዘኑ ብቻውን እንዳይሰማ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ እንዲነግረው ይደረጋል። በባሕር ማዶ ላሉት አንዳንዴ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሸሸጋል። ልማዱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ የሕጉ ቀን ግን ከሞቱ እንጂ ከመርዶው አይቈጠርም። ሌሎች ደግሞ ከዘመዳቸው አይደለም፣ ከባለሥልጣኑ ይደብቃሉ፤ ጠሪው በሕይወት እንዳለ አድርገው ተራው ሲደርስ ለጥያቄ ይቀርባሉ። በአሜሪካ የሞተ ሰው ግን የሞቱ ምዝገባ በዚያው አለ። ማመልከቻው በሞቱ ቀን ተሽሯልና በዚያ የተሰጠ ቪዛ ዋጋ የለውም፤ ገብቶ ዓመታት ከኖረ በኋላ እንኳ ቢታወቅ ሰውዬውን እስከ መባረር ያደርሰዋል። ንስሐ አባት እንዲህ ያለውን ምክር የሚጠየቅበት ጊዜ አለና፣ ዝም ማለት ይበጃል ብሎ የሚመክር ካህን ምእመኑን የሚያደርሰው ወደ ነፍስ ኃጢአት ብቻ አይደለም።

በአገሩ ተቀምጦ ለቀረው ወገን ያለው መንገድ እንግዲህ ያችው የርኅራኄ በር ናት፤ እርስዋም ማመልከቻው ከሞቱ በፊት ለጸደቀለት ብቻ ትከፈታለች። ለዚህ የሚሞላ ቅጽ የለም፤ ክፍያም የለም። የሚጠራው ሰው ራሱ ማመልከቻውን ላጸደቀው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይለምናል፤ ከልመናውም ጋራ የጸደቀበትን ወረቀት፣ የሟቹን የሞት ምስክርና የተተኪውን ዋስ ፊርማ ያያይዛል። ባለሥልጣኑ የሚመዝነው በአሜሪካ ያሉት ቤተ ሰቦች የሚደርስባቸውን ጉዳት፣ የሚለምነውን ሰው ዕርጅናና ሕመም፣ ከትውልድ አገሩ ጋራ ያለውን ትስስር፣ መንግሥቱ ራሱ ያዘገየውን ጊዜ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ስለ ሟቹ ደግነት ብዙ ከሚያወራ ይልቅ፣ በዚያ የቀሩት እናት ማን እንደሚጦራቸው፣ የሟቹ ልጆች ማን እንደሚያሳድጋቸው፣ ማመልከቻው በየትኛው ቀን ገብቶ በየትኛው ቀን እንደ ጸደቀ ቢናገር ይሻላል። ከታደሰ የቀድሞው ተራ ሳይነካ ይጸናል፤ 14 ዓመት የጠበቀ ሰው 14 ዓመቱ አይጠፋበትም። ካልታደሰ ግን ለዚህ ውሳኔ ይግባኝ አልተደነገገለትም።